ልጁንም ነርሷንም የሚያይ ሥልጠና ይሰጠን

ለጤና ሚኒስቴር፣ ነርሶችን ለምታሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎችና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች፣ ለኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበር



በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት ለምንንከባከብ ነርሶች የሥነ ልቦና ድጋፍ ሥልጠና እንዲጀመርልን ለመጠየቅ ነው። ሥልጠና ስል ሁለት ነገር አንድ ላይ ማለቴ ነው። አንደኛው ልጁንና እናቱን እንዴት እንደምንደግፍ የሚያስተምረን ነው። ሁለተኛው እኛው ራሳችን በዚህ ሥራ ውስጥ እንዳንሰበር የሚያግዘን ነው። የመጀመሪያውን ሰጥታችሁን ሁለተኛውን ብትተዉት፣ የመጀመሪያውም ብዙ አይቆይም።

ኦቲዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ልዩ ትምህርት ቤትና ማዕከል ነው። ልጆቹ ግን እንደማንኛውም ልጅ ይታመማሉ፤ የሚጥል በሽታ፣ የእንቅልፍ ችግርና የሆድ ድርቀትማ እነሱ ላይ ይበረታል። ክትባት አለባቸው፣ ጥርሳቸውን ያማቸዋል፣ ይወድቃሉ፣ ይሰበራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። እኛ በአገር ደረጃ የቆጠርነው የራሳችን አኃዝ የለንም። ግምቱን በግማሽ ቀንሰን ብንወስደው እንኳ እነዚህ ልጆች በየሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል ማለት ነው። የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ያላቸው እንደ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎች ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። በሌላው ቦታ ልጁን ተቀብላ የምትይዘው ጠቅላላ ነርስ ናት፤ ያውም ካርዱ ላይ ምንም ሳይጻፍላት። ኦቲዝም እንዳለበት የምታውቀው ብዙውን ጊዜ መርፌ ክፍል ገብቶ መጮህ ከጀመረ በኋላ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ አጋጣሚ ላሳያችሁ። ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ትኩሳትና ትውከት ይዞት መጣ። ሰውነቱ ውኃ አጥሮታል፣ በአስቸኳይ በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል። ልጁ አይናገርም። የክፍሉ ፍሎረሰንት መብራት እየጠፋ እየበራ እዝዝ ይላል፣ አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ሌላ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንድ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ያወራል። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ካኑላውን አዘጋጅታ ክንዱን ያዘች። አልኮል የነካው ጥጥ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ልጁ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ሦስት ሰው ተጠርቶ እግሩንና ትከሻውን ያዘ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያባብላል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። ልጁ ጓንቷን አልፎ እጇን ነከሳት። ካኑላው የገባው ደም ሥሩ ሁለቴ ከተሳተ በኋላ ነበር። እናቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ “ይቅርታ ሲስተር፣ ይቅርታ እናቴ” ትላለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሁሉም ካበቃ በኋላ ቀስ ብላ “ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ነው እንዲህ የሚሆነው፤ እጄን ካስያዝኩት ዝም ይላል” አለች። ከዚያ በፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ነርሷ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፈች፣ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ትንሽ ቆይታ ወጥታ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደች። በዚያ ተረኝነት “እንዴት ነሽ?” ያላት የለም፤ በሥራ ርክክቡም ላይ አልተነሣም። እኔ ከእሷ አጠገብ ስለነበርኩ፣ ያመማት የልጁ ንክሻ ሳይሆን የእናትየዋ ይቅርታ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ቀን አንድ ብቻውን ቢሆን ያልፋል። በየሳምንቱ ሲደጋገም ግን ሰው ከልጆቹ መራቅ ይጀምራል። “ያንን ልጅ ሌላ ሰው ይያዘው” ማለት ይመጣል። ከዚያም እናትየዋን ቀና ብሎ አለማየት፣ በመጨረሻም የዝውውር ማመልከቻ ይከተላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ይህን የሥራ መዛል (በርንአውት) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል። መገለጫ ያደረጋቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ኃይል ማለቅ፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅና ለሥራው አሉታዊ አመለካከት መያዝ፣ በሥራዬ ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ነው ያለው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መፍትሔው የነርሷ ብርታት ብቻ አይደለም፣ የሥራ ቦታውም ኃላፊነት ነው ማለት ነውና።

ለዚያ ልጅ ምን ማድረግ ይቻል ነበር? ብዙ ነገር፤ አብዛኛውም ገንዘብ አይጠይቅም። ከሁሉ በፊት እናቱን ሁለት ጥያቄ መጠየቅ፦ ምን ያስደነግጠዋል? ምን ያረጋጋዋል? መብራቱን ማጥፋት፣ ወይም ልጁን ወደ መስኮቱ መውሰድ። አንድ ሰው ብቻ እንዲናገር፣ እሱም በአጭሩ፦ “ጥጥ። ከዚያ መርፌ። ከዚያ አለቀ።” ክንዱ ላይ የሚታሰረውን ላስቲክ አስቀድሞ ልጁ እጅ ላይ መስጠት፣ እንዲነካው፣ እንዲስበው። ካናገሩት በኋላ መጠበቅ፤ እነዚህ ልጆች የሰሙትን ለመረዳት ከሌላው የበለጠ ጊዜ ሊፈልጉ ይችላሉና፣ እኛ ደግሞ መልስ ሳይመጣ ጥያቄውን እንደግመዋለን፤ ያኔ ልጁ ለመረዳት እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ኮሪደሩ ገና ባልሞላበት የጠዋቱ መጀመሪያ ማድረግ።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ሕይወት የሚያሳጣ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሕመሙን ሌሎች ልጆች በሚገልጹበት መንገድ ላይገልጽ ይችላል። ላያለቅስ፣ የሚያመውን ቦታም በጣቱ ላይጠቁም ይችላል። ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ መምታት የጀመረ ልጅ ጆሮው አመርቅዞ ሊሆን ይችላል። እህል አልበላም ያለው ጥርሱን፣ ድንገት ሰው መምታት የጀመረው ሆዱን አሞት ሊሆን ይችላል። እኛ “ኦቲዝሙ ነው” ብለን ካለፍነው ሕመሙ ሳይታይ ይቀራል። ነርስ ከሐኪም ይልቅ ከልጁ ጋር ረጅም ሰዓት ስለምትቆይ ይህን ቀድማ ማየት የምትችለው እሷ ናት፤ ማየት ግን ይማሩታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል። የሚያስቸግረው መሥራቱ ነው። የፈራ ልጅ አጠገቡ ያለውን ሰው ቃል ከመስማቱ በፊት ትንፋሹን፣ ድምፁንና የእጁን አያያዝ ይሰማል። የተጨነቀች ነርስ የተጨነቀን ልጅ አታረጋጋም፤ ያለችውን ቃል ሁሉ በትክክል ብትለውም እንኳ። እንግዲህ ልጁን የሚያረጋጋው መሣሪያ የነርሷ የራሷ መረጋጋት ከሆነ፣ ያንን መሣሪያ ማን ይጠግነዋል? አልትራሳውንዱ ሲበላሽ ባለሙያ ይጠራል፤ የጥገና በጀትም አለው።

ኢዛቤል ሜንዚስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአንድ የለንደን ሆስፒታል ነርሶች ላይ ያደረገችው ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሆስፒታሉ የሥራ ክፍፍል ነርሷን ከታማሚው ስቃይ ለመከለል በሚያስችል መንገድ የተበጀ እንደነበር አሳየች። ሥራው ተቆራርጦ ይሰጣል፤ አንዷ ሙቀት ትለካለች፣ አንዷ መድኃኒት ታድላለች፣ አንድን ሰው ሙሉውን የምትይዝ የለችም፤ ስሜትም እንዲታፈን ይደረጋል። ጥናቷ እንደሚለው ይህ መከለያ ነርሶቹን አላዳናቸውም፤ ጭንቀቱ በውስጣቸው ቀረ፣ ብዙ ተማሪዎችም ሥልጠናውን ጥለው ወጡ። የእኛም ዋርድ አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ይህን አሠራር ያፈርሰዋል። በየሰዓቱ የሚቀያየሩ አምስት እጆችን አይቀበልም፤ አንድ የለመደው ሰው ይፈልጋል። ያቺ አንዷ ሰው ስቃዩን ሙሉ በሙሉ ትቀበለዋለች። ስለዚህ ነው ሥልጠናው ነርሷንም ማየት ያለበት የምለው።

ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ ተገልጋይ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ሐሳቡን ያኔም ወድጄዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። እናቶች በአገልግሎታችን ሲያዝኑ አይቻለሁና እውነተኛ ችግር የነካ አጀንዳ ነበር። የጎደለው ነገር ግን ርኅራኄ ከየት እንደሚመጣ አለመጠየቁ ነው። ሩኅሩኅ ሁኑ ተባልን፤ ሌሊቱን ሙሉ የጮኸ ልጅ ይዛ ያደረች ነርስ ጠዋት የምትሰጠው ርኅራኄ ከየት እንደምታመጣ ግን አልተነገረንም።

የምጠይቀው ሥልጠና ምን እንደሚመስል ላስረዳ። በሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ በፓወር ፖይንት ታይቶ፣ አበል ተፈርሞ የሚያልቅ አይሁን። እንዲህ ዓይነቱን ብዙ አይተናል፤ ሰርተፊኬቱ ይቀራል፣ ሥራው አይለወጥም። ደግሞም ለሥልጠና የሚላከው ሰውና አልጋው አጠገብ የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍል በሥራ ቦታው ይሰጥ፤ መምህራኑም ወላጆች ይሁኑ። በዚህ አገር ስለ ኦቲዝም የምናውቀውን አብዛኛውን ያስተማሩን እናቶች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ከገዛ ልጃቸው ተነሥተው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በየመድረኩ ቆመው ስለ ልጆቹ ሲናገሩ አገር ያውቃቸዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ጥረት ውጤት ነው። የነርሲንግ ተማሪዎች ለልምምድ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል እንደሚላኩ ሁሉ ወደነዚህ ማዕከላትም ይላኩ። ልጁን ታሞ፣ ፈርቶና ተይዞ ብቻ ያየ ተማሪ አያውቀውም። ሲጫወት፣ ምሳውን ሲበላ፣ የሚወደውን ነገር ሲደረድር ይየው። ለሚያስተምሩን እናቶችም እንደማንኛውም አሠልጣኝ ይከፈላቸው፤ ከሥራቸው ቀርተው ነው የሚመጡት።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ስለ እምነት መነጋገር የግድ ነው። በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። እናቲቱ እርግማን ነው ተብላለች፣ በኃጢአትሽ ነው ተብላለች፤ ከጎረቤትም ከዘመድም ሰምታዋለች። ከእኛ ከነርሶች መካከልም እንዲህ የሚያምን አለ፤ እኛም ያደግነው በዚያው ሰፈር ነው። ይህ በግልጽ ካልተነሣ የትኛውም ሥልጠና ከላይ ከላይ ያልፋል። ልጇን ጠበል ያስጠመቀችን እናት መቆጣት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ከተቆጣናት ሁለተኛ አትነግረንም። ማወቅ ያለብን ነገር ልጁ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ጠበል ቦታ ሳለ አቋርጦ እንደሆነ ነው፤ ይህን የምትነግረን ካልፈራችን ብቻ ነው። “እህቴ፣ ጠበሉንም አስጠምቂው፣ መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን እንዳታቋርጪበት” ብሎ በአክብሮት መናገር ችሎታ ነው፤ ልምምድ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ክፍል ነርሷን የሚይዘው ነው፤ በእኔ እምነት የሥልጠናው ልብ ይህ ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ማይክል ባሊንት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች የጀመረው ዘዴ አለ። ጥቂት ባለሙያዎች በመደበኛነት ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ከልቡ አልወጣ ያለውን አንድ ታማሚ ታሪክ ያነሣል፣ ሌሎቹ ምክር አይሰጡም፣ አይፈርዱም። ታማሚው ምን ተሰምቶት ይሆን? ባለሙያውስ? ይህንን አብረው ያስባሉ። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ወንበርና የሠለጠነ መሪ ነው። መሪ የሚሆን ሰው አለን፤ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ነርሶች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም በየዓመቱ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ያስመርቃሉ፤ ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በሥራ ሰዓት፣ ተረኛ ተተክቶ ይሁን። ከተረኝነት በኋላ ቆዩ ከተባለ ልጆቿ ቤት የሚጠብቋት ነርስ አትመጣም፤ ባትመጣም አይፈረድባትም።

ከዚያ ወርኃዊ ስብሰባ ሌላ የዕለቱ ነገር አለ። ነርስ ስትመታ፣ ስትነከስ፣ ልጅ በእጇ ላይ ራሱን ሲጎዳ፣ በዚያው ተረኝነት የክፍል ኃላፊዋ አሥር ደቂቃ ይዛት ትቀመጥ። ምን ሆነ? ደህና ነሽ? ቀሪውን ሰዓት ማን ያግዝሽ? የክፍል ኃላፊዎች ይህን ማድረግ ይማሩ። ይህ ሲነሣ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ በእነዚህ ንግግሮች የሚባል ነገር ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳይሻገር። በእኛ ሙያ ጨነቀኝ ማለት ድካም ተደርጎ ይቆጠራል። የተናገረችው ነገር ደረጃ ዕድገቷ ላይ እንደሚመጣ ካወቀች ማንም አፏን አትከፍትም፣ ስብሰባውም ስለ ጓንት እጥረት ማውሪያ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ከባዶ መነሣት አይጠበቅባችሁም። ስፔሻሊስት ሐኪም በሌለበት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ለመስጠት በአገራችንም የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የልጆች የእድገት እክሎችን የሚመለከት ክፍል አለው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተዘጋጀው የአእምሮ ጤና ሥልጠናም ጉዳዩ ተካትቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች የክህሎት ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ነው። በዚህ ሥልጠና ውስጥ ለእናትየዋ ለራሷ ደኅንነት የተመደበ ቦታ አለ፤ ልጁን የምትይዝ ሰው ራሷም መያዝ እንዳለባት አዘጋጆቹ ተረድተውታል። ለነርሷም ይኸው ይደረግላት ነው የምለው። ፈቃድ ለማሳደስ የምንጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሲፒዲም አለ። ይህ ሥልጠና ነጥብ የሚያዝበት ኮርስ ሆኖ ቢጸድቅ ነርሶች ራሳቸው ፈልገው ይመጣሉ።

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ነርስ ሳይበቃ፣ ደመወዝ ሳይበቃ፣ መድኃኒት ጠፍቶ ስለ ስሜት ሥልጠና? ተቃውሞው ፍትሐዊ ነው፤ እኔም በደመወዜ የምኖር ሰው ነኝ። ይህ ሥልጠና የደመወዝና የሰው ኃይል ጥያቄያችን ምትክ ተደርጎ እንዲወሰድ ፈጽሞ አልፈልግም። ለአንድ ነርስ ሃያ ልጅ ሰጥቶ “ጭንቀትን መቋቋም ተማሪ” ማለት ጥፋቱን ወደ እሷ ማዞር ነው። ነገር ግን ተቃራኒውም እውነት አይደለም፤ ሰው እስኪበቃ እንጠብቅ ካልን ያሉትም ይሄዳሉ። ልምድ ያላት ነርስ ክፍሉን ለቅቃ በሄደች ቁጥር ልጁን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፣ እናትየዋም ሁሉንም ነገር ለአዲስ ሰው ከመጀመሪያው ማስረዳት ትጀምራለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ዓመት በጥቂት ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍል ይሞከር፤ ቢያንስ አንዱ ከአዲስ አበባ ውጭ ይሁን። አንድ ዓመት ሙሉ ይሂድ። ውጤቱም በተሰጠው ሰርተፊኬት ብዛት አይለካ። ስንት ልጅ በጉልበት ተይዞ ሕክምና እንደተሰጠው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ይቆጠር፤ ስንት ነርስ ከክፍሉ ዝውውር እንደጠየቀች ይታይ፤ እናቶች ይጠየቁ። በልጁ ካርድ ውስጥ የምትገባ፣ የሚያስደነግጠውንና የሚያረጋጋውን የምትገልጽ አንዲት ገጽም ከዚህ ጋር ትታተም፤ ይህቺ ለሥልጠናው እንኳ መጠበቅ የለባትም።

የነርሶች ማኅበራችን ጉዳዩን የራሱ አድርጎ እንዲይዘው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በሚቀጥለው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ እንዲያነሡት፣ ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ጉዳዩን የሚከታተለውን የሥራ ክፍልና ሙከራው የሚጀመርበትን ወር ጠቅሶ በግልጽ እንዲያሳውቀን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሕፃናት ክፍል ነርስ